ከበሩ ጀርባ ያሉት ቁጥሮች

ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር ክፍል ፍለጋ የሄድኩት ትንሿን ቦርሳዬን ብቻ አንግቤ ነው፤ ጉድ የሠራችኝም እሷው ናት። አከራይዋ ፋጡማ አሳይታ ከተማ ያደገች አፋር ስለሆነች አማርኛውን ታንበለብለዋለች። ቦርሳዬን አየችና፣ "አንተ የመን ሂያጅ ነህ" አለችኝ።

"ኧረ ማዘር! እዚሁ መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነኝ።"

"ፍራሽህስ?"

"እገዛለሁ።"

"ሁሉም እንዲሁ ይላል።" ክፍሉን ከፈተችልኝ። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥሮች በከሰል ተጽፈዋል። "የተከራዮቼ እናቶች ናቸው። ልጁ በጀልባ ሄዶ ድምፁ ሲጠፋ ለማን ልደውል? የእናትህን ቁጥር አምጣ።"

እናቴ ድሬዳዋ ያለሁ ነው የሚመስላት። ግን ያስጠጋኝ ልጅ ዛሬውኑ ልቀቅልኝ ብሎኛል፤ ሌላ መግቢያ የለኝም። ቁጥሩን ነገርኳት። ጽፋ ትተወዋለች ስል እዚያው ደወለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

"እማዬ፣ ቤት አገኘሁ።"

"ተመስገን! የት?"

"ጅቡቲ።"

"ባሕሩ ቅርብ ነው?" አለችኝ።

"ኧረ ሩቅ ነው።"

ፋጡማ ልትሰጠኝ የያዘችውን ቁልፍ መልሳ ሻርፗ ውስጥ ከተተችው። "እውነቱን ንገራት!" የወደቡ ክሬኖች ከጣሪያው በላይ ቆመው ይታያሉ።

"ቅርብ ነው፣ እማዬ። ግን አልሳፈርም።"

ያኔ ፋጡማ ቁልፉን ሰጠችኝ። ከሰሏን ግን አንስታ የእናቴን ቁጥር ከሌሎቹ ሥር ጻፈችው።