የጊታር ብረት ለአባቴ በገና

ታናሽ ወንድሜ ለዓቢይ ጾም ከጎንደር ደባርቅ መጣና፣ ገና ቁጭ እንኳ ሳይል የአባታችንን በገና ከግድግዳው አወረደ። «እታለም፣ በዚህ የእንጨት መቃኛ እስከ መቼ ትሠቃያለሽ? አውታሮቹ የሚታሰሩበትን ቀንበር በስቼ እንደኔ በገና የጊታር መቃኛ ብረት ልግጠምልሽ» አለኝ። መሰርሰሪያውን ሳይቀር ይዞ መጥቷል! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። በደባርቅ ብርድ አሥር አውታር በእንጨት መቃኘት ጣት ያደነዝዛል። «እሁድ ጎረቤት ሲሰበሰብ መጀመሪያ ያንተን እንስማው» አልኩት።

እሁድ ቤቱ ሞላ። ወንድሜ የራሱን በገና ብረት ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጎ በሁለት ደቂቃ ቃኘና መዝሙሩን ጀመረ። ማን ይስማው? አንዱ ስለ ገብሱ፣ ሌላው ዛሪማ ላይ ተበላሽቶ ስለቆመው አውቶቡስ ያወራል። «ኧረ እባካችሁ ዝም በሉ!» አለ ጨንቆት። ያኔ የአባቴን በገና አነሳሁና፣ አባታችን ያደርግ እንደነበረው አውታሮቹን አንድ በአንድ መቃኘት ጀመርኩ። ሦስተኛው ላይ ወሬው ቀነሰ። ስድስተኛው ላይ ጎረቤታችን መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው አንገታቸውን ደፉ። አሥረኛው ላይ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ከዚያ ዘመርኩ።

ስጨርስ ወንድሜ ጠጋ ብሎ «አየሽ፣ ለመቃኘት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብሽ» አለኝ።

ሰው እየሰማ መለስኩለት። «አዎ፣ ፈጀብኝ። አንተ ግን ዝም በሉ ብለህ ለመንሃቸው፤ እኔ ማንንም አልለመንኩም። መሰርሰሪያህን ጎንደር መልሰህ ውሰደው። ይህ በገና አይበሳም!»