አባቴ በዳዊቱ መጨረሻ የጻፈው
አንድ ቄስ የአባቴን የብራና ዳዊት ሊገዙኝ ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉ ቆዩና መጨረሻው ቅጠል ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። አንዱ በሬዬ ሞቶብኝ፣ ምትክ ልገዛበት ነበር ፍላቂት ገበያ ይዤው የወጣሁት።

«ምነው፣ ቅጠል ጎደለው?» አልኋቸው።

«ማንበብ ይችላሉ?»

«ኧረ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም።»

«እንግዲያው ይስሙ፤ አባትዎ ‹ይህን ዳዊት የፈለገ ይቅዳው፤ የሸጠው ግን ልጄ ደምሴም ቢሆን ውጉዝ ይሁን› ብለዋል።»

ስሜን ስሰማ ዳዊቱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተሳለምሁት መጽሐፍ ለካ ሲጠራኝ ኖሯል!

ቄሱ ዳዊቱን ስመው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። «የኅትመቱ መጽሐፍ መሸጡን ፈቅዶ መቅዳቱን ይከለክላል፤ የአባትዎ መቅዳቱን ፈቅዶ መሸጡን ከለከለ። በሉ ያውሱኝና ልቅዳው፤ ቀድቼ እስክጨርስ የእኔን በሬ ወስደው ይጥመዱ።»