ለሁለተኛው ወንበር የተሰፋ ትራስ

ልጄ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ «እማዬ፣ ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት እንጃ። ሰሞኑን ግን ትዝ ትዝ ይለኛል... ይቀመጡ እንጂ እትዬ! ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ያ መስኮት ብርድ ያስገባል፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ።

ሰፈሩ ጸጥ አለ አይደል? ልጄ ጓሮ ያቺን አውሮፕላኑን መሥራት ከጀመረ አራት ዓመቱ። ሞተሯን ባስነሳ ቁጥር ጎረቤት ጆሮውን ይዞ ይወጣ ነበር። አሁን ጭስ ማውጫ ቧንቧዋ ላይ ማርሚታ ተገጠመላትና ጩኸቷ ታፈነ። ማን ገጠመላት? ስም ምን ያደርጋል... የሠላሳ ዓመት በያጅ ናቸው፤ በእጃቸው ያላለፈ የከባድ መኪና ጭስ ማውጫ የለም። ወንድምዎን እንደ እርስዎ ማን ያውቃል፣ እኔ ምን ልንገርዎ?

ልጄማ አላዋቂ! «ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አካሏ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ቧንቧው መሀሉ ላይ በስፕሪንግ ይያዝ፣ ትንሽ ይወዛወዝ፣ አለዚያ ይሰበራል» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ትዕግስታቸው! ሳቅ ብለው ከዳር እስከ ዳር ድርቅ አድርገው በየዱት። ብየዳው ሲያምር... መስታወት ይበሉት። እንዲህ የሚያምር ሥራ የሚሠራ ሰው የማንን ምክር ይሰማል?

በሦስተኛው ቀን ልጄ ሞተሩን አስነስቶ ውስጥ ተቀምጦ ቆየና፣ ራሱን ይዞ እየተንገዳገደ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ቁርስ ስላልበላ ነው» አሉ እሳቸው። አዛኝ እኮ ናቸው! ቁርሱን ያበላሁት እኔ ነኝ... ግን እናት ምን ታውቃለች? ቧንቧውን በነጭ ጨርቅ ብጠርገው፣ ብየዳው ሥር የጥላሸት መስመር አገኘሁ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ጭሱ ሰተት ብሎ ወደ ልጄ ወንበር። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እውነት ነው፣ አይነቅዝም... ይሰነጠቃል እንጂ።

አልተቀየሙም፤ ስንጥቁ ላይ ደግመው በየዱበት። «አሁን ምድር ቢናወጥ አይነካውም» አሉ። ቅዳሜ ልጄ ይበርባታል። «ኧረ ቁረጠውና አንተ እንዳልከው አድርገው» ብለምነው፣ «የአባቴ ወንድም ናቸው፤ ሥራቸውን ቆርጬ ላዋርዳቸው?» አለኝ። አባቱ ነፍሱን ይማረውና፣ እሱም እንዲሁ ያከብራቸው ነበር።

ትናንት ልጄ፣ «ሁለተኛው ወንበር ባዶ ነው፣ አብረውኝ ይብረሩ» ብሎ ለመናቸው። ትሕትናቸው ግን! «ክብደቴ ያስቸግርሃል» አሉ። ወንበሩ መቶ ኪሎ ይችላል፤ እሳቸው ሰባም አይሞሉ... ለክብር እንዲህ የማይጓጓ ሰው አይተው ያውቃሉ?

እኔም ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ተነሳሁና የዚያን ወንበር ልክ ለክቼ ይህችን ትራስ ሰፋሁላቸው። ጥጡ አዲስ ነው፣ ወገብ አያሳምም። በዚያ ሲያልፉ ያድርሱልኝ። የልጄን የብረት መጋዝም በጨርቅ ጠቅልዬ ከሥሯ አድርጌዋለሁ... ሁለቱ ባንዴ አያስፈልጓቸውም፤ እሳቸው አንዱን ይምረጡና ሌላውን ይመልሱልኝ።

እግዜር ደግነታቸውን ይቁጠርላቸው። አንድ ቀን ሳያጎድል፣ ልጄ የሚኖረውን ያህል ያኑራቸው። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ...