የዳቦ ጋጋሪው ምጽዋት

ድንገት የወረደ ዝናብ ዳቦ ጋጋሪውን እያጣደፈ አንድ ጫማ ሰፊ ደጅ ታዛ ሥር አስገባቸው። እዚያ ተጠልላ ያገኟት የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ዛሬ ሕሙማንን በየቤታቸው እየዞረች የምታክም ነርስ ሆናለች።

“ጋሼ! እርስዎን ስፈልግ ነበር” አለች ሰላምታ ስትጨርስ። “ነርስና መድኃኒት የሚልከው ማኅበራችን የቆመው በከተማው ሰው መዋጮ ነው። እርስዎ ግን የሉበትም።”

“የለሁበትማ! የሰጠሁት ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ካልመረቀኝ ምኑን ሰጠሁት? ብሬን ለማላውቀው ሣጥን አላጎርስም።”

ሰውየው ስስታም አልነበሩም። ትኩስ ዳቦ ሳይሰጡ የመለሱት ችግረኛ የለም። ልማድ ግን ደጉንም ሰው ዓይኑን ይሸፍነዋል።

“ምርኩዝ ይዛ ደጅዎ ትመጣ የነበረችው ልብስ አጣቢ የት ደረሰች?”

“ነፍሷን ይማር! ሰባት ዓመት ሰጠኋት፤ ከቀረች ግማሽ ዓመት ሆናት።”

“ማን ሞተች አለዎት? የምሄደው እሷ ዘንድ ነው፤ ይምጡ!”

ዝናቡ ሲያባራ ተከትለዋት ጠባቡን ደረጃ ወጡ። በሩን የከፈተችው ራሷ ልብስ አጣቢዋ ነበረች፤ ያለ ምርኩዝ ቆማ! ዳቦ ጋጋሪው ክው አሉ።

“ዳቦዎን በላሁ፣ ይስጥልኝ” አለች ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ። “እኔን ግን የእግሬ ቁስል ይበላኝ ነበር። ሽታው አስጠይፎዎት ደጅዎን እንዳይከለክሉኝ በቀሚሴ እሸፍነው ነበር።”

ሰባት ዓመት ሙሉ ፊቷን አይተዋል፤ እግሯን ግን አንድ ቀን አላዩም።

“ብትነግሪኝ አላሳክምሽም ነበር?”

“አንድ ቀን ያሳክሟት ነበር ጋሼ” አለች ነርሷ። “ቁስሉ የዳነው ግን በየሁለት ቀኑ እየታጠበ በአምስት ወር ነው። ምድጃዎን ዘግተው ሊመላለሱ ነው?”

“እሱስ አልችልም። ገንዘቡ መንገድ ላይ ቢቀርስ?”

“ሒሳቡ በየዓመቱ በሰው ፊት ይነበባል። ይምጡና አፋጥጡን!”

“እመጣለሁ! ደግሞ ብቻዬን እንዳይመስልሽ!” አሉ። ደረጃውን እንደ ጎረምሳ ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወረዱ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም የሙያ ጓደኞቻቸውን ደጅ አንኳኩ። “አንዳችን ብቻውን ዳቦ ይሰጣል፤ ተባብረን ግን ሰው እናድናለን!” እያሉ ሰበኩ።

አሥራ አንድ ዳቦ ቤቶች ወርኃዊ መዋጮ ጀመሩ፤ ሁለተኛ ነርስ ተቀጠረች። መድኃኒት ለማይደርሳቸው ደረሰ፤ ታማሚ በጊዜ ታይቶ ከከፋ ሕመም ዳነ፤ እናታቸውን ለማስታመም ከትምህርት የቀሩ ልጆችም ተመለሱ።

አንድ ቀን ነርሷ ሮጣ ዳቦ ቤቱ ገባች። “ጋሼ! ሁለት ዓመት የአልጋ ቁራኛ የነበሩት መምህር ዛሬ በረንዳ ወጥተው ፀሐይ ሞቁ! ማንን እንደሚያመሰግኑ ግን ግራ ገብቷቸዋል።”

“እሰይ!” አሉ ዳቦ ጋጋሪው፣ በዱቄታም እጃቸው እያጨበጨቡ። “እንዳትነግሪያቸው! ፀሐያቸውን ይሙቁ!”