መርከበኞቹ ምን ተሰማቸው?

እዚህ ጀርመን፣ ከፌኸንሃይም ሰፈር በሚመጣው ትራም ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሽማግሌና የመጋዘን የሥራ ልብሷን ያላወለቀች ወጣት ሴት ተቀምጠዋል። በስልክ አማርኛ ስታወራ ሽማግሌው ሰምተዋት ነው ጨዋታ የጀመሩት።

«ምን እያጠናሽ ነው ልጄ?»

«ታሪክ ነው አባባ። የማታ እማራለሁ፤ ነገ የማስረክበው ሃውስአውፍጋቤ፣ የቤት ሥራ፣ አለብኝ። አውሮፓውያን በባሕር ዓለምን ማሰስ የጀመሩት ለምንድን ነው ይላል።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ቁንዶ በርበሬና ቅመም ፈልገው ነው። በየብስ ሲመጣ በብዙ ነጋዴ እጅ ስለሚያልፍ ዋጋው አይቀመስም ነበር። ወርቅም፣ ሃይማኖት ማስፋፋትም አለበት።»

«ጎበዝ! ታዲያ ምን አስተከዘሽ?»

«መጨረሻ ላይ መርከበኞቹ ምን ተሰማቸው የሚል አለ። እዚያ ስደርስ እጄ አልጽፍ አለኝ።»

«ለምን?»

«እኔም በባሕር ነው የመጣሁት፣ በጀልባ።»

«ፈርተሽ ነበር?»

«በጣም። አጠገቤ የነበረች ሴት እስክንደርስ ድረስ እጄን አልለቀቀችም። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተለያየን።»

«እሱን ጻፊዋ።»

«የተጠየቅሁት እኮ ስለ እነሱ ነው።»

«እነሱም ከእናት የተወለዱ ናቸው። ማዕበል ሲነሣ ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለውን ነው የሚይዘው።»

«ጀርመንኛዬ አይበቃም አባባ።»

«የእኔ ይበቃል፤ አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ። አንቺ በአማርኛ ንገሪኝ፣ እኔ ወደ ጀርመንኛ እመልስልሻለሁ።»

«መውረጃዎ የት ነው?»

«አልፏል። በይ ጀምሪ፤ ጀልባዋ ስትነሣ ምን ታየሽ?»

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ሲጠራ፣ እንዳላቋርጣት ሳላነሣ ዘጋሁት።