ገመዱ አይደርስም በልልኝ

ከጦር ኃይሎች በታክሲ ተነስተን ወደ አስራ ስምንት ማዞሪያ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባት ጎናቸው ያለውን፣ ጉልበቱ ላይ የኬብል ጥቅልል የያዘውን ወጣት አናገሩት።

«ኢንተርኔት የምትቀጥሉት እናንተ ናችሁ፣ ልጄ?»

«አዎ አባባ። ነገ ቀራንዮ ፋይበር እናስገባለን።»

«እኛም ቤት ትመጣላችሁ ማለት ነው። ማስቀረት ይቻላል?»

«ለምን? ሰው ሁሉ ቶሎ አስገቡልን እያለ! የድሮው መስመር እኮ ቪዲዮ አያስኬድም።»

«እሱ ነው የሚሻለኝ።»

«እንዴት?»

«ያስመዘገበችው ቤሩት ያለችው ልጄ ናት። የእማዬን ፊት ጥርት አድርጌ ልየው ብላ።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«እናቷን ቀበርናት እኮ። አርባዋም ወጣ።»

«አልተነገራትም?»

«መርዶ በስልክ ይነገራል? ሰው ቤት ተቀጥራ ብቻዋን ናት። ስትጮህ ማን ይይዛታል?»

«ስትደውልስ ምን ይሏታል?»

«ኔትወርኩ ምስል እምቢ አለ፣ እናትሽም ተኝታለች እላታለሁ።»

ወጣቱ ጥቅልሉን አገላበጠው።

«የእናንተን ሰፈር የምሠራው እኔ ነኝ፣ አባባ። ገመዱ እዚያ ቤት አይደርስም ልበል?»

«ቢደርስም አይደርስም በልልኝ።»

ለእኛ ሰፈርስ መቼ ነው የምታስገቡልን የሚለውን አፌ ላይ ደርሶ የነበረ ጥያቄ ዋጥኩት።