መነጽር ያደረገችው ልጅ

ልደታ ማርያም አጠገብ ውይይት ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ከፖስታ ፎቶግራፍ አውጥተው፣ አጠገባቸው ላለው ለማያውቁት ሰውዬ አሳዩት።

«ልጄ ናት። ሞስኮ ኬሚስትሪ ትማራለች።»

«ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የተነሳችው።»

«ሦስት ዓመት ፊቷን ናፍቄ፣ የጌጃ ሰፈር በያጅ መስላ መጣችልኝ። ዓይኗ የታለ?»

«መነጽሩ ከአሲድ እንዲከላከልላት ነው፣ እማማ።»

«ለፎቶ እንኳ ብታወልቀው ምን አለበት? ‹እዚያው እንደቆምሽ አውልቀሽ ተነሺልኝ› ብዬ አስጽፌያለሁ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ልከተው ነው።»

«ይተዉ እማማ፣ እዚያ ውስጥ አታውልቅ።»

«ለአንድ አፍታ?»

«እኔም ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ላቤን ልጠርግ ብዬ ለአንድ አፍታ ነው ያወለቅኩት። ይኸው፣ ግራ ዓይኔን ይዩት።»

«እኔን ልጄ! አያይም?»

«ብርሃን ብቻ ይለያል።»

ሴትዮዋ ደብዳቤውን አውጥተው ዘረጉለት።

«እስክሪብቶ ይዘሃል? ያችን መስመር ሰርዝልኝ።»

«በምትኩ ምን ልበል?»

«‹እንዳታወልቂው። ዓይንሽን ስትመጪ አየዋለሁ› በልልኝ።»

እኔ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ፣ ጭናቸው ላይ የቀረውን ፎቶግራፍ በአንድ ዓይኔ ሳይ ቆየሁ።